የቅርቡ ጭላዳና የሩቁ ዋልያ፦ ስለ ሁለት ዐይነት ሌንሶች

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ከሚባለው የድንኳን ሰፈር ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ምድሪቱ ድንገት ተቈርጣ ገደል በምትሆንበት አፋፍ ላይ፣ በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ደርሼ ነበር። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤ ጉሙ ከሸለቆው ገና አልተነሣም፤ ሌሊቱን ከገደሉ ወገብ ተጠግተው ያደሩት ጭላዳዎችም፣ እናቲቱ ልጇን አዝላ፣ አውራው ጎፈሩን እያራገፈ፣ በየተራ ወደ አፋፉ ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። እኔም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን ረጅሙን ሌንስ አቅንቼ ጣቴ እስኪደነዝዝ ድረስ አነሣሁ፤ ነገር ግን ፀሐይ ወጥታ ያነሣሁትን መመልከት ስጀምር፣ ከስድሳ ከሚበልጠው ፎቶግራፍ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ በቀር ሁሉንም ደብዝዞ አገኘሁት። ሌንሱ አልበደለኝም፤ ባሕርዩን ሳላውቅ የማይችለውን ሥራ የሰጠሁት እኔ ነበርሁ።

ፎቶግራፍን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል የሚያነሣ ሰው፣ የመጀመሪያ ካሜራውን ከገዛ በኋላ ፈጥኖ የሚጠይቀው ጥያቄ «ዙም ይሻላል ወይስ ፕራይም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሁለቱ ጠባይ ሳይታወቅ አይገኝምና፣ ያ ማለዳ ያስተማረኝን ለአንባቢ ላካፍል እወድዳለሁ።

የአንድ ሌንስ የትኩረት ርዝመት የሚባለው፣ ከሩቅ የመጣው ብርሃን ከሌንሱ ማእከል ተነሥቶ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ የሚጓዘው መንገድ ሲሆን፣ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው። ይህ ርዝመት ሲያጥር ሌንሱ ሰፊ አድማስ ያቅፋል፤ ሲረዝም ከአድማሱ ጥቂቱን ቈርጦ ያገዝፋል። የጀርመኑ ላይካ ካሜራ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. ለገበያ ወጥቶ በዓለም ባስለመደው፣ ዛሬም ብዙ ዲጂታል ካሜራዎች በሚከተሉት የ36 በ24 ሚሊሜትር የሥዕል ስፋት ላይ፣ የ24 ሚሊሜትር ሌንስ ከጥግ እስከ ጥግ 84 ዲግሪ፣ የ50 ሚሊሜትር 47 ዲግሪ፣ የ300 ሚሊሜትር ደግሞ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ያያል። ፕራይም የሚባለው ከእነዚህ ርዝመቶች አንዱን ብቻ ይዞ የጸና ሌንስ ነው። ዙም ግን በሆዱ ያሉት መስተዋቶች ወደፊትና ወደኋላ እየተንሸራተቱ ርዝመቱን ስለሚለውጡት፣ አንዱ ሌንስ የብዙዎችን ሥራ ይሠራል። እንደ ላይካ ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ለሚሠሩ ካሜራዎች በመጀመሪያ የተሠራው ዙም፣ ፍራንክ ባክ የነደፈውና በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 የወጣው የፎይክትሌንደር ዙማር ሲሆን፣ ከ36 እስከ 82 ሚሊሜትር ይደርስ ነበር።

እንግዲህ የዚያ ማለዳ ፎቶግራፎቼ ስለ ምን እንደ ደበዘዙ ለመረዳት፣ ብርሃን የሚገባበትን በር፣ አፐርቸር የሚባለውን፣ ማወቅ ያሻል። በሌንስ ላይ ኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር የሚገኘው የትኩረቱ ርዝመት ለበሩ ስፋት ሲካፈል ስለሆነ፣ ቍጥሩ ባነሰ መጠን በሩ ይሰፋል። 50 ሚሊሜትር ሆኖ ኤፍ 1.8 የሚከፍት ሌንስ፣ በሩ 28 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በ300 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ይህንኑ ቍጥር እናግኝ ብንል ግን በሩ ወደ 167 ሚሊሜትር፣ ማለት ወደ አንድ ስንዝር የሚጠጋ መሆን ይኖርበታል። ይህን የሚያህል መስተዋት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ማን ነው? ስለዚህ እንደ እኔው ያለ በተራ ዋጋ የሚገኝ ከ70 እስከ 300 የሚደርስ ዙም፣ በርዝመቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፍትም፤ የሚያስገባውም ብርሃን ኤፍ 1.8 ከሚያስገባው ዐሥረኛው እጅ ያህል ነው። በዚህ ላይ ረጅም ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ያገዝፈዋል፤ የቆየው የባለሙያዎች ልማድ እንደሚለው፣ በእጅ የተያዘ 50 ሚሊሜትር ሌንስ የሴኮንድ 50ኛ እጅ ሲበቃው፣ 300 ሚሊሜትር ግን የሴኮንድ 300ኛ እጅ የሚያህል ፍጥነት ይፈልጋል። ብርሃኑ እጅግ ባነሰበት ሰዓት፣ ብርሃን አብዝቶ የሚጠይቀውን ሌንስ ይዤ ነበር። ብዙ የዘመኑ ሌንሶች መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ መሣሪያ ቢኖራቸውም፣ የሚያረጋጉት የአንሺውን እጅ እንጂ የሚንቀሳቀሰውን እንስሳ አይደለም።

በማግሥቱ ረጅሙን ሌንስ በቦርሳው ትቼ፣ ትንሿን የ50 ሚሊሜትር ፕራይም በካሜራው ላይ ገጥሜ ወደዚያው አፋፍ ተመለስሁ። ጭላዳዎቹ ሲወጡ ልቤ ቸኵሎ ወደ እነርሱ መራመድ ስጀምር፣ አብሮኝ የነበረው የፓርኩ ስካውት ጠመንጃውን በጕልበቱ ላይ አጋድሞ እንደ ተቀመጠ፣ «ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ፤ ዝም ብለው ከተቀመጡ ሣራቸውን እየነጩ እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ» አለኝ። ተቀመጥሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም መንጋው በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ፣ እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ እያሰማ ከበበን። አንዲት እናት ጥቂት ርምጃ ያህል ቀርባ ተቀመጠች፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ሣሩን ከሥሩ ስትነቅል፣ በጥፍሯ ውስጥ የገባው ጥቁር አፈር፣ በደረቷ ላይ ያለው ፀጕር አልባ ቀይ ገላ፣ በቅንድቧ ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው የፀሐይ ጸዳል፣ ሁሉም በግልጥ ይታይ ነበር። በሩ ሰፊ ነውና ለዚያ ደካማ ብርሃን በቃው፤ ከኋላዋ ያለው ገደልና ጉምም ለስላሳ ሰማያዊ ኅብር ሆኖ ቀረ።

የፕራይም ምሥጢር ይህ ነው፦ ሌንሱ አልለወጥም ስለሚል ሰውየው ይለወጣል፤ ይቀርባል፣ ይርቃል፣ ይንበረከካል፣ ይታገሣል። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲየ ብሬሶን የሕይወቱን ሥራ አብዛኛውን በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ሲሠራ መኖሩ በድኅነት አልነበረም። አንድን ርዝመት ብቻ ለብዙ ወራት የያዘ ሰው፣ ካሜራውን ወደ ዐይኑ ሳያነሣ፣ ምን በሥዕሉ ውስጥ እንደሚገባና ምን እንደሚቀር አስቀድሞ በሕሊናው ማየት ይጀምራልና።

ይህን ብዬ ዙምን ብነቅፍ ግን ሐሰት በሆነ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ጨነቅ ከተባለው ስፍራ ደርሰን ወደ ገደሉ ስንመለከት፣ ቀንዱ እንደ ቀስት ወደኋላ የታጠፈ አንድ አውራ ዋልያ፣ ከሰው እግር ርቆ በጠባብ የድንጋይ ደረጃ ላይ ቆሞ አየን። በዓለም ላይ በዱር የሚኖረው በዚሁ በሰሜን ተራሮች ብቻ ለሆነው ለዚህ እንስሳ ትዕግሥት ብቻውን ምን ይጠቅማል? ወደ እኛ አይመጣም፤ እኛም ወደ እርሱ ብንሄድ መሞታችን ወይም እርሱን ማባረራችን ነው። በዚያን ጊዜ ዙሙን አወጣሁ፤ በ70 ሚሊሜትር ገደሉን ከነግርማው፣ ዋልያውን ነጥብ አሳክዬ አነሣሁ፤ ከዚያም ቀለበቱን ወደ 300 አዙሬ የቀንዱን አንጓ ሳይቀር አየሁ። ብርሃኑ የረፋድ ነበርና ኤፍ 5.6 አላነሰውም። እግር በማይደርስበት ስፍራ ዙም መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ለፍጥረት የሚሰጥ ክብርም ነው፤ እንስሳውን ከማደሪያው ሳያስነሣ ያሳየናልና።

ሆኖም ብዙ ሰው፣ እኔም ራሴ ብዙ ዘመን፣ ዙም ማዞርና ወደፊት መራመድ አንድ ይመስለናል። አንድ አለመሆኑን ያሳየኝ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ነው። በደጋው ሣር ላይ አንድ ጅብራ ከሰው ቁመት በላይ ረዝሞ፣ ከበስተኋላው በሩቅ አንድ ተራራ ቆሟል። ከጅብራው ዐሥር ርምጃ ላይ ቆሜ በ50 ሚሊሜትር አነሣሁት፤ ቀጥዬ አርባ ርምጃ ላይ ቆሜ በ200 ሚሊሜትር አነሣሁት። በሁለቱም ሥዕሎች ጅብራው ቁመቱ እኩል ነው፤ ተራራው ግን በሁለተኛው ሥዕል አራት እጥፍ ገዝፎ በጅብራው ትከሻ ላይ ቆመ። ጅብራው ሲርቀኝ ታናሽ ሆኖ፣ ሌንሱ መልሶ አሳደገው፤ ተራራው ግን በሠላሳ ርምጃ ልዩነት ሳይርቅ ሳይቀርብ፣ ከሌንሱ ጋር አብሮ አደገ። ሌንስ የሥዕሉን ዳር ድንበር ይወስናል፤ በነገርና በነገር መካከል ያለውን ዝምድና የሚወስነው ግን አንሺው የቆመበት ስፍራ ብቻ ነው። ስለሆነም ዙም ያለው ሰው እንኳ አስቀድሞ ቦታውን መምረጥ፣ ቀጥሎ ቀለበቱን ማዞር ይገባዋል።

ለጀማሪ የምመክረው ጥቂት ነው። ከካሜራው ጋር የሚሸጠውን ዙም አይጣል፤ የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ብዙ አምራቾች በርካሽ ስለሚሸጡት፣ ያገለገለም ቢሆን ይጨምርበት። ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው የውስጥ ገበታ፣ ሴንሰር የሚባለው፣ ከላይ ከተነገረው የ36 በ24 ሚሊሜትር መጠን ያነሰ ከሆነ፣ 50 የሚያየው እንደ 75 ወይም 80 ጠቦ ስለሆነ፣ 35 ሚሊሜትር ይሻለዋል። በተራራ አፋፍ ሌንስ ሲለውጥ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ፣ የካሜራውን አፍ ወደ ምድር ደፍቶ ይለውጥ፤ አቧራ በገበታው ላይ ካረፈ በሥዕሉ ሁሉ ላይ ነጥብ ይሆናልና። ረጅሙን ሌንስ ብርሃን በቂ ለሆነበት ለማለዳና ለማምሻ አየር ያቆየው፤ የቀትር ትኩሳትና ጭጋግ ከተራራው ጋር አብሮ ይገዝፋልና።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ወደ ሜዳ በወጣሁ ቍጥር ሁለቱንም ሌንሶች እይዛለሁ፤ ቦርሳውን ግን ወዲያው አልከፍትም። አንድ ድንጋይ ፈልጌ እቀመጣለሁ፤ ብርሃኑ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ማን ወደ እኔ እንደሚቀርብ፣ ማን ደግሞ ከስፍራው እንደማይነቃነቅ እመለከታለሁ። የትኛውን ሌንስ ማውጣት እንደሚገባኝ የማውቀው፣ ያ ስካውት እንዳስተማረኝ፣ ቁጭ ካልሁ በኋላ ነው።