ተራው የማን ነው? ስለ ትሪያጅ ማወቅ ያለብን



ዛሬ በራሴ ጥፋት ልጀምር። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ ከአየር ጤና የማውቃቸው እናት ጉልበታቸውን አሟቸው መጡ። ወረፋው ረጅም ነው። ትሪያጅ ላይ ያለችውን ነርስ "ሲስተር፣ እኚህ የኔ ሰው ናቸው፣ ቶሎ አስገቢልኝ" አልኳት።

"ዶክተር ይቅርታ፣ መጀመሪያ ይሄ ልጅ ይታይ" አለችኝ።

ልጁ ከሰልፉ መጨረሻ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሏል። አያለቅስም። ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ነው ያደረው፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሲጠሩት አይነቃም። ወዲያው በደም ሥሩ ፈሳሽ ተጀመረለት፤ ተረፈ። እኔ ግን የእሱን ደቂቃዎች ለጉልበት ሕመም ልሰጥ ነበር።

ትሪያጅ ማለት ታካሚን በመጣበት ሰዓት ሳይሆን በሕመሙ ክብደት ማስቀደም ነው። ነርሷ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ሙቀትና ንቃት አይታ ቀለም ትሰጣለች። ለምሳሌ በደቡብ አፍሪካው የትሪያጅ መለኪያ ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት።

መለካቱ ቀላል ነው። ከባዱ የተቆጣ ሰው፣ ጎረቤት ወይም እንደኔ ያለ ባልደረባ ፊት ቆሞ "ይጠብቁ" ማለት ነው። ይሄን ለነርሷ ድፍረት ብቻ መተው ተገቢ አይደለም። የተቋም ኃላፊዎች ቦታው ላይ ልምድ ያለው ነርስ መመደብና "የኔ ሰው" የሚለው ልመና ከሐኪም ቢመጣም እንደማይሠራ በግልጽ ማሳወቅ አለባቸው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

• ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ፈዝዞ አልነቃ ካለ ወረፋ አትያዙ፤ ቀጥታ ለነርሷ ንገሩ። የሚጮህ ልጅ ቢያንስ እየተነፈሰ ነው፤ እኛን ይበልጥ የሚያስፈራን ዝም ያለው ነው።

• አዋቂ ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የማይቆም ደም፤ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ማንኛውም የደም መፍሰስ ወይም ዓይን ብዥ ከማለት ጋር የመጣ ብርቱ ራስ ምታት ካለ እንደዚሁ።

• እየጠበቃችሁ ሕመሙ ከባሰ ደግማችሁ ንገሩ። ቀለሙ ሊቀየር ይችላል።

መጠበቅና መከልከል ግን ይለያያሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537፣ ብርቱ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት የሚነፍግን ባለሙያ፣ ሐኪምም ይሁን ነርስ፣ ያስቀጣል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ለተቋሙ ኃላፊ አመልክቱ።

እኚያ እናት? ልጁን ሲያዩ "እኔማ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ እሱን እዩት" አሉ። ከእኔ ቀድሞ የገባቸው ለእሳቸው ነው።

ለሌሎችም ሼር አድርጉት። ጤና ይብዛላችሁ!