የጓሳ ቄሮ ሥርዓት፦ ከፉክክር ወደ የጋራ ጥበቃ

በሰሜን ሸዋ መንዝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው ጓሳ ስያሜውን ያገኘው በብዛት ከሚበቅልበት የጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ያገለግላል። አካባቢው የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ዝንጀሮ መኖሪያም ነው።

በአካባቢው በሚነገረው አፈ ታሪክ መሠረት፣ አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት ቀደምት አባቶች መሬቱን የተከፋፈሉት በፈረስ ግልቢያ ተወዳድረው ነው። በግልቢያ የተለዩት ወገኖች ግን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ ጓሳን ያስተዳደሩት በቄሮ ሥርዓት ተባብረው ነው። እያንዳንዱ ወገን አባ ቄራ የተባለ አለቃ ይመርጥ ነበር። ሥፍራው ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ከአጨዳና ከግጦሽ ይዘጋ ነበር፤ ተጠቃሚው ሁሉ በጥበቃው ይሳተፍ ነበር፤ ደንብ የጣሰም ይቀጣ ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ወራት ለአጨዳ ይከፈት ነበር።

የአሠራሩ ምክንያት ግልጽ ነው። አንደኛው ወገን ጥበቃውን ቢያላላ ጉዳቱ ለሁለቱም ይተርፋል፤ ስለዚህ የራስን ድርሻ መጠበቅ የጎረቤትንም መጠበቅ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ይዞታን በመሻሩ ሥርዓቱ የቆመበትን መሠረት አጣ፤ በጓሳ ላይ የሚደርሰው ጫናም ጨመረ። ኅብረተሰቡ ግን ነባሩን የጥበቃ ልማድ ከቀበሌ አደረጃጀት ጋር አጣጥሞ አስቀጥሏል። በአሁኑ ወቅት ጓሳ በማኅበረሰቡ ተሳትፎ የሚተዳደር ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ወደ ሥፍራው የሚያመሩ ጎብኚዎች በአካባቢው አስጎብኚዎች እንዲመሩና ማኅበረሰቡ ያወጣውን ደንብ እንዲያከብሩ ይመከራል።