ዘጌ፦ ሞፈርና ቀንበር ያልገቡበት ደን

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባ መንገደኛ፣ 176 ኪሎ ሜትሩን ሲጨርስ «ጎጃም እኮ ደን በደን ነው» ቢል አይፈረድበትም። በመኪናው መስኮት የሚታየው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ግን አረንጓዴውም ዓይነት አለው። በየማሳው ዳር የተሰለፈው ባሕር ዛፍና በአዊ በኩል፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ኮረብታውን ያለበሰው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ፣ ገበሬው ለአጣና፣ ለማገዶና ለከሰል ተክሎ በጥቂት ዓመት የሚቆርጠው ሰብል ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው ተጠጋግተው የሚገኙት ከዛፎቹ መካከል ጉልላት ብቅ በሚልበት ቦታ፣ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው።

የእነዚህን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዋጋ በሳይንስ መነጽር ካሳዩት አንዱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርጠው ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ያም ሆኖ አብዛኛው የደብር ደን ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን መሬቱ ታርሶ፣ ከብት ተሰማርቶበት፣ ደኑ እንደ ደሴት ብቻውን ቀርቷል። ዙሪያውን ለመዞርም ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። በአገር በቀል ዛፍ ጥላ ሥር ግማሽ ቀን በእግሩ መጓዝ የሚሻ ሰው ከዚህ ሰፋ ያለ ያስፈልገዋል። ለጎጃም ሰው እንዲህ ያለው ደን ሩቅ አይደለም፤ ዘጌ ነው።

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ውኃው የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ለረጅም ጊዜ በምዕራብ ጎጃም ዞን፣ በባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ ሥር ይቆጠር ነበር። ስፋቱ ከ1 ሺህ ሄክታር ይበልጣል፤ ከየብስ የሚያገናኘው አንገቱ ላይ አፋፍ የምትባል የገበያ ከተማ አለች። ዩኔስኮ በሰኔ 2007 ዓ.ም. የጣናን ሐይቅና ዙሪያውን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ሲመዘግብ ዘጌም አብሮ ተካቷል። ሆኖም ደኑን ያቆየው ይህ መዝገብ አይደለም። የዘጌ ጥብቅነት ከዩኔስኮ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይቀድማል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በትክክለኛው አነጋገር የዝናብ ደን የሚባለው ያለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012፣ ማጃንግ በ2017 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገቡት በዚሁ ሀብታቸው ነው፤ እዚያ ቡና ሰው ሳይተክለውም ይበቅላል። ዘጌ ከዚህ ይለያል። ዝናቡ በክረምት ተጠራቅሞ ይወርድና በጋው ረዘም ይላል፤ ቡናውም ሰው በዛፎች ጥላ ሥር ተክሎ ያሳደገው ነው። ስለዚህ ዘጌ ደንም ነው፣ ጓሮም ነው። እንግዳ ሰው «ጫካ» ብሎ በሚያልፍበት ስፍራ የአካባቢው ሰው የማን ይዞታ የት እንደሚያበቃ ለይቶ ያውቃል።

የዘጌ ሕግ አጭር ነው፦ አይታረስም፣ የቀንድ ከብትና የጋማ ከብት አይረባበትም። ትውፊቱ ይህን ሥርዓት በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ኖሩ ከሚነገርላቸው ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ጻድቁ ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያረባ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀበሉ፤ ከበትራቸውም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀሉ ይባላል። ታሪኩን የሚያምንም ሆነ የማያምን ሰው ውጤቱን በዓይኑ ያየዋል። በአማራ ክልል ደን የሚያልቀው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው፤ ማረሻ ይመነጥረዋል፣ ከብት ደግሞ አዲስ ችግኝ እንዳይነሣ ይግጠዋል። የዘጌ ሕግ ሁለቱንም ከበሩ መልሷቸዋል።

ካልታረሰ ታዲያ ምን ይበላል? መልሱ በአፋፍ ገበያ ይገኛል። የዘጌ ሰው ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ይሸጥና እህሉን ከአራሽ ጎረቤቱ ይሸምታል። ሸክም የሚጭንበት አህያ ስለሌለው በጀርባውና በራሱ ተሸክሞ፣ አለዚያም በውኃ መንገድ ያጓጉዛል። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲቀዝፍ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ደኑ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው በመኪና እስከ አፋፍ ሄዶ ከዚያ በእግር መቀጠል ነው። ሁለተኛውና ጎብኚ የለመደው ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ በዑራ ወደብ መውረድ ነው። ወደቡ ላይ የአካባቢው አስጎብኚዎች ይቀበላሉ። «መንገዱ አንድ ነው፣ ራሴ እሄዳለሁ» ማለት አያዋጣም። የእግር መንገዱ በየጓሮው መካከል ይሽሎከሎካል፣ ይከፋፈላል፤ ያለ አስጎብኚ የሄደ ሰው ዛፍ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

አስጎብኚው በመጀመሪያ ቆም ብሎ ከሚያሳያቸው አንዱ ብርብራ ነው። ቡና በጠራራ ፀሐይ አይመቸውም፤ ከላዩ ብርሃን የሚያጣራለት ረጅም ዛፍ ይሻል። ብርብራ ጥላውን ከመስጠቱም በላይ እንደ ባቄላና አተር ከጥራጥሬ ወገን ስለሆነ መሬቱን በናይትሮጅን ያለማል፤ ቅጠሉም ረግፎ ሲበሰብስ ለቡናው ፍግ ይሆናል። ፍሬው ግን ሌላ ጠባይ አለው። ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣ ያደነዝዛል፤ በጣና ዳርቻ ለዓሣ ማጥመጃ ሲያገለግል የኖረ፣ ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ሳይለይ የሚጎዳ ዘዴ ነው። ከብርብራው ጋር ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳ፣ እሼና ዋርካ ይታያሉ። ከሥራቸው ቡናው፣ ከቡናው ሥር ወፍራም የቅጠል ምንጣፍ አለ፤ በበጋ እንኳ በእጅ ገለጥ ሲያደርጉት አፈሩ እርጥብ ነው። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ ምንቃሩ ከራሱ የሚበልጥ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ወፍም ክንፉን እያፏጨ ከላይ ያልፋል።

በቡና ለቀማ ወራት መንገዱ ሌላ መልክ ይይዛል። ቀዩ ፍሬ በእጅ ይለቀምና ሳይታጠብ ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እየጠቆረ፣ እየተጨማደደ ጀንፈል ሲሆን በሙቀጫ ተወቅጦ ገለባው ይለያል። በግቢው ደጃፍ የተሰጣውን የሚያገላብጡ እናት «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» ካሉዎት እንቢ አይበሉ። ሲወጡ አንድ ኪሎ ገዝቶ መሄድ ደግሞ ከምስጋና ይበልጣል።

ገዳማቱ በዚህ ደን ውስጥ ተሰውረው ይገኛሉ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና በትረ ማርያም ጎብኚ የሚያዘወትራቸው ናቸው። ከሁሉ ስመ ጥር የሆነው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ሲሆን፣ ቅኔ ማሕሌቱን አልፈው ሲገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኖ ያገኙታል። ጫማ ደጅ ይቀራል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ ፎቶ ከማንሣት በፊት ይጠየቃል፤ መግቢያው በየገዳሙ ለየብቻ ይከፈላል። ጉዞአቸውን ወደ ደሴቶቹ ለመቀጠል ያሰቡ ሴቶች ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማያስገቡ አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

የዘጌ ታሪክ ገድልና ቡና ብቻ አይደለም። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ ጣሊያን ወረራ ዋዜማ ድረስ የዘጌን ቡና ሲኮተኩቱና ሲለቅሙ ከነበሩት ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። ጥላው የተገኘው በጻድቁ ቃል ኪዳን ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ሰዎች ጉልበትም ጭምር ነው። ደኑን የሚያስጎበኝ ሰው ይህን ምዕራፍ ቢዘል ግማሹን ዘጌ ደበቀ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥም ቀላል አልነበረም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ ገዳማቱ ባለርስትነታቸውን አጡ። የዘጌ ሕግ ግን አልፈረሰም፤ ሞፈር ወደ ዘጌ አልገባም። መንግሥት ቢለዋወጥም ሥርዓቱ የጸናው ነዋሪው ራሱ ስለያዘው ነው።

ይህ ሲባል ደኑ ከሥጋት ነፃ ነው ማለት አይደለም። አንደኛው ሥጋት ከውጭ ነው፤ አጠገቡ ያለው ባሕር ዳር በየዓመቱ እየሰፋ ማገዶና አጣና ይፈልጋል፣ የቡናው ገቢ ሲያንስ ደግሞ መጥረቢያ መሳሉ አይቀርም። ሁለተኛው ሥጋት ከቡናው ከራሱ የሚመነጭ ስለሆነ በቀላሉ አይታይም። ቡና ያለው ሰው ረጃጅሞቹን ዛፎች ለጥላ ሲል ይጠብቃቸዋል፤ ሥሩን ሲመነጥር ግን የዛፎቹንም ችግኝ አብሮ ያጭዳል። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ ከሌለ ጥላው ይሳሳል፣ ጥላው ሲሳሳ ቡናውም ይጎዳል። መፍትሔው በምንጣሮ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ችግኝ እያለፉ መተው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የጎብኚውን እግር አሳጥሮታል። ስለዚህ ለመሄድ ያሰበ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ከባሕር ዳር አስቀድሞ ይጠይቅ። ተስማሚው ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ጠዋት በጊዜ ይነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የጣና ማዕበል ለትንሽ ጀልባ አይመችም። የማያዳልጥ ጫማና የሚጠጣ ውኃ ይያዙ። የአስጎብኚውንና የጀልባውን ዋጋ ከመነሣት በፊት ይነጋገሩ፤ ሲከፍሉ ግን አይሰስቱ።

ዘጌን ያቆየው አጥርና ዘበኛ አይደለም፤ ከደኑ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው አለመቁረጡ ይበጀኛል ማለቱ ነው። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አንባቢም ከዚህ የሚወስደው አለ። በደብርዎ ዙሪያ የቀረችው ደን በየዓመቱ በአንድ ትልም እየተገፋች ከሆነ፣ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ላይ ወሰኗ በድንጋይ ካብ ይከበር ብለው ያንሡ። ዶክተር ዓለማየሁና የሙያ ባልደረቦቻቸው ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ሆነው ያሠሩት እንዲህ ያለ ካብ ከብትን እንደሚከለክልና ችግኝን እንደሚያስነሣ በተግባር ታይቷል። ድንጋዩ ደግሞ በየማሳው ሞልቷል።