ሳጥኗ ትሸጥ ወይስ ድምጿ ይቀዳ?

የአጋሮ ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ። ጅማ ውስጥ ሰርግ በተገኘ ቁጥር ጊታር ይጫወታል። ችግር አለብኝ ብሎ ሲመጣ የፍቅር ጣጣ ነው ብለን ጆሯችንን ስናቆም፣ የአምፕሊፋየር ጉዳይ ሆኖ አረፈው! ቆይ ታገሱን፣ ነገሩ ከፍቅርም ብዙ አይርቅም።

ኤሱማው፣ ማለትም የእናቱ ወንድም፣ በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ጊታሪስት ነበሩ። ከዚያ ዘመን የተረፈች ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ጓዳ ውስጥ ከቡና ጆንያ ጀርባ ተረስታ ኖራለች። ዘንድሮ ቡናው ተሸጦ ጆንያው ሲነሳ ብቅ አለች። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ፎቶዋን አይቶ ደህና ላፕቶፕ የሚገዛ ብር እከፍላለሁ ብሏል። አጎትየው ግን አይጫወቱባት፣ አይሸጧት፣ ስሟ ሲነሳ ወሬ ይቀይራሉ። ልጁ ላፕቶፕ የለውም። «ሳልነግራቸው ልሽጣት ወይ?» ነው ጥያቄው።

ጓደኞቹ አራዶች ናቸውና መልሱ ኪሳቸው ውስጥ ነው። «አሁን ሁሉም ነገር በሶፍትዌር ሆኗል፤ ድምጿን ኮፒ አርግና ሽጣት፤ በብሯ ላፕቶፕ ግዛ፣ በላፕቶፑ እሷኑ ተጫወት!»

እውነት አላቸው? ግማሹን አላቸው።

ቫልቭ አየር የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። ውስጡ ያለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮን ይረጫል፤ ከጊታሩ የመጣችው ትንሽ ሞገድ በመሀል ባለ ወንፊት እየገታች እየለቀቀች ያንን ትልቅ ጎርፍ ታዘዋለች። ጊታሪስቶች የሚያብዱላት ግን ከአቅሟ በላይ ስትገፋ ነው። ርካሽ ትራንዚስተር ሲጨናነቅ ድምፁን በመቀስ እንደ ቆረጡት ያህል ይገምጠዋል። ቫልቭ ግን ቀስ እያለ ይጫናል፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ጣትህ ሲለሰልስ መልሶ ይጠራል። የአሮጌ ካሴት ጊታር ለምን ይሞቃል ብላችሁ ታውቁ ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። (ጅማ እኮ የዋዛ ከተማ አይደለችም፤ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው እዚያ ነው።)

ይህን ጠባይ ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት የቆየ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ላይን ሲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፖድ የምትባል ኩላሊት የመሰለች ቀይ ዕቃ አወጣ፤ የታወቁ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ በሒሳብ አስልታ ታወጣለች። በ2011 የጀርመኑ ኬምፐር መጣና የራስህን አምፕሊፋየር የሚያጠና መሣሪያ ሸጠ። አሁን ደግሞ ኒውራል አምፕ ሞደለር የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ሦስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የተዘጋጀ ድምፅ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ታሳልፋለህ፤ የወጣውን ትቀዳለህ፤ ፕሮግራሙ የገባውንና የወጣውን በሰከንድ 48,000 ጊዜ እያነጻጸረ አምፕሊፋየሩ ምን እንደሚያደርግ ይማራል። ለአንድ ቀን ላፕቶፕና ኦዲዮ ኢንተርፌስ ከጓደኛ መዋስ ነው። ማስተማሩ ላይ ላፕቶፑ ደካማ ከሆነም በኢንተርኔት በነፃ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ይገኛል።

ታዲያ አይሸጣትም? ቀስ!

አንደኛ ነገር፣ ያንተ አይደለችም ወንድሜ። ይህን ለማወቅ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ግን ጓደኞችህ ያልነገሩህ ነው። ፕሮግራሙ በዚህ መንገድ ሲማር የሚይዘው እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ ቁልፎቿ በዚያች ሰዓት የቆሙበትን ቦታ ብቻ። ቮልዩሙን ብታዞረው ሌላ ድምፅ ነው፣ ሌላ ቀረጻ ይጠይቃል። ታዲያ የአጎትህ ድምፅ የትኛው ላይ ነው? ሦስት ላይ ነው? ስምንት ላይ ነው? ያንን የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም አንተ ተደብቀህ ልትሸጥባቸው ያሰብካቸው ሰውዬ!

ደግሞ እንዳትሰካት! በስንት ዘመን ያልሠራች ዕቃ በአንዴ ኤሌክትሪክ አይሰጣትም። የጅማ ዝናብ ጓዳ ድረስ ገብቶ የድምፅ ማጉያዋን ወረቀት ሳያሻግተው አልቀረም፤ ውስጧ ያሉት ካፓሲተሮችም በእርጅና ይደርቃሉ፣ ሲብስም ይፈነዳሉ። ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ 110 ወይም 117 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ላይ ወዲያው ትቃጠላለች፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ክዳኗን ከፍቶ መነካካት ደግሞ የሞት ጨዋታ ነው። ከሶኬት ተነቅላም ቢሆን ውስጧ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊቀመጥ ይችላል። ቫልቭ የሚያውቅ አሮጌ የሬዲዮ ጠጋኝ ፈልግ፤ በዕድሜ የገፉትን ጠይቅ። በምትቀዳበት ቀንም ድምፅ ማጉያዋን ሳታገናኝ እንዳታስነሳት፤ የውጤት ትራንስፎርመሯ ሊቃጠል ይችላል።

ቅጂው ዋናውን ይተካል ወይ ለሚል፣ ሰርግ ቤት ውስጥ የሚለየው ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን። ከኋላህ ቆማ ደረትህን የምትገፋውን አየር ግን ፋይሉ አይሰጥህም። እኛ ብንሆን ሁለቱንም እንፈልጋለን፤ ምን እናርግ፣ ስግብግቦች ነን።

ልጁ አጋሮ ተመልሶ ሄዶ ነበር። ሽያጩን አላነሳም፤ «ኤሱማ፣ ቁልፎቹን የት ላይ ያቆሟቸው ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቃቸው። እሳቸው ዝም ብለው ተነሡ፣ ጓዳ ገቡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ አቧራዋን ጠረጉና ቁልፎቹን አንድ በአንድ አዞሩ። ሰባት፣ አራት፣ ሁለት። ከዚያ «ይቺን እንዳትነካት» ብለው የመጨረሻዋን አሳዩት።

ልጁ በስልኩ ፎቶ አነሳቸው። ጠጋኙ ገና አልተገኘም። የአዲስ አበባው ሰውዬ ግን አሁንም ይደውላል።