ገበያው የተፈታበት ላንድማርክ

የበዓል ዋዜማ ሲቃረብ የገበያ ነገር ከየቤቱ ወሬ አይጠፋም። ዶሮውና ቅቤው፣ የልጆቹም ልብስ ሲታሰብ፣ ሰው እግሩ ወደ ለመደው ገበያ መሄድን ይመርጣል። በዚህ ጽሑፋችን የምናወሳው ግን ባሕር ማዶ የነበረ ገበያ ሲሆን፣ እርሱም በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል ይገኝ የነበረው የላንድማርክ የገበያ ማዕከል ነው። አካባቢው በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚኖሩበት ነው፤ በከተማይቱ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች በቤታቸው ከሚናገሯቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለሆነም የገበያው ታሪክ ከአንዳንድ አንባቢዎቻችን ዘመዶች ኑሮ የራቀ አይደለም።

ላንድማርክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዚያን ጊዜ የዋሽንግተን ነዋሪ መኪናውን ይዞ ከመሐል ከተማ ወደ ዳርቻው በመስፈር ላይ ስለነበር፣ ነጋዴውም ገዢውን ተከትሎ ወጣ። ማዕከሉ መጀመሪያ ጣሪያ አልነበረውም፤ በሱቆቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ሰማይ የሚታይበት ነበር። ሄክትስ፣ ውድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ እና ሲርስ የተባሉት ሦስት ታላላቅ መደብሮች እንደ ምሰሶ ቆመውለት ነበር። ትናንሾቹ ሱቆች ይኖሩ የነበሩት ወደ ትልልቆቹ የሚሄደው ሕዝብ በደጃቸው ስለሚያልፍ ነው። ማዕከሉን ያቆመውም በኋላ የጣለውም ይኸው አሠራር መሆኑን እንገምታለን።

ከሦስቱ ስለ ሄክትስ ጥቂት ማለት ይገባል። ይህ ድርጅት በ1857 በባልቲሞር ከተማ የተመሠረተ ሲሆን፣ በመሐል ዋሽንግተን የነበረው መደብሩ ከጥቁሮች ገንዘብ እየተቀበለ ዕቃ ይሸጥላቸው እንጂ በምሳ መብያው ተቀምጠው እንዲመገቡ አይፈቅድም ነበር። በ1951 ሜሪ ቸርች ቴረል የተባሉ፣ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ እናት በመሩት እንቅስቃሴ ሕዝቡ ከመደብሩ አልገዛም ብሎ አደመ። ከወራት በኋላ፣ በ1952 መጀመሪያ፣ ክልከላው ቀረ። ገዢ ሲቀር መደብር ምን ያህል አቅም እንደሚያጣ ሄክትስ ላንድማርክ ከመከፈቱ 13 ዓመት አስቀድሞ ተምሮ ነበር ማለት ነው።

ላንድማርክን ግን የጎዳው አድማ አልነበረም። በ1968 ታይሰንስ ኮርነር፣ በ1973 ስፕሪንግፊልድ፣ በ1989 ደግሞ ፔንታጎን ሲቲ የተባሉት ማዕከሎች በየአቅጣጫው ተከፍተው ገዢውን ተሻሙት። ላንድማርክም ላለመሸነፍ ታድሶ በ1990 ጣሪያ ለበሰ። ከዚያ በኋላ ያለው የስም መለዋወጥ ነው። ውድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ በ1995 ከንግዱ ዓለም ጠፋ። ሎርድ ኤንድ ቴይለር የተባለውም መደብር መጥቶ በ2009 ወጣ። ሄክትስ በ2006 ሜሲስ ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ የበዓል ነገር ጣልቃ እናስገባ። በአሜሪካ መደብሮች የፈረንጆቹ ገና በዲሴምበር 25 ካለፈ በኋላ ዋጋ መቀነስ የተለመደ ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ይሆናል። በዓሉን ታኅሣሥ 29 ለሚያከብር ቤተሰብ በመካከል ያሉት 13 ቀናት ለኪስ የሚስማሙ ናቸው፤ የአቆጣጠር ልዩነት እንዲህ ሲጠቅም ብዙ ጊዜ አይታይም።

በጃንዋሪ 2017 የላንድማርክ መተላለፊያዎች ተዘጉ፤ ሜሲስም በዚያው ዓመት ተሰናበተ። ሲርስ ብቻውን እስከ 2020 ቆየ። በእኛ አስተያየት ግን ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ሊወሳ የሚገባው 2018 ነው። በዚያ ዓመት የፊልም ሠሪዎች መጥተው «ወንደር ውመን 1984» ለተባለው ፊልም ባዶዎቹን ሱቆች በ1980ዎቹ ሸቀጥና የሱቅ ስም አስጌጡ፤ በእውነተኛው 1984 ላንድማርክ ጣሪያ እንዳልነበረው ልብ ይሏል። በዚያው ዓመት ካርፔንተርስ ሼልተር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የራሱ ሕንፃ እስኪታነጽ ድረስ ቤት የሌላቸውን ሰዎች በቀድሞው ሜሲስ ውስጥ አስጠለለ። በአንድ ወገን የማይሸጥ ዕቃ ለካሜራ ሲደረደር፣ በሌላው ልብስ ይሸጥበት የነበረው ወለል ማደሪያ ላጡ ቤተሰቦች መኝታ ሆነ። ድርጅቱ በ2020 ወደ አዲሱ ሕንፃው ሲመለስ፣ ከመጠለያው በላይ አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ነዋሪ የሚከራዩ 97 መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ነበር።

የላንድማርክ መፍረስ በ2022 ተጀመረ። ቦታው አሁን ዌስት ኤንድ የሚል ስም ተሰጥቶት መኖሪያ ቤቶችና ሱቆች የታቀዱለት ሲሆን፣ ዋናው ሥራ የኢኖቫ የጤና ድርጅት ሆስፒታል ነው፤ በ2028 እንዲከፈትም ታቅዷል። ከአሮጌው ማዕከል እንዲቆይ የተደረገው ገዢዎች መኪናቸውን ያቆሙበት የነበረው ባለ ፎቅ ማቆሚያ ነው።