ተነሣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

“ወድቆብኝ ነበር፤ ግን ይሠራል።”

በጥገና ሱቄ ውስጥ ይህን ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። ባለቤቱ ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያኖረውና ያበራዋል። ስክሪኑ ብርት ሲል የእሱም ፊት ይፈካል። “ይኸው! እንዲያው ልቤ እንዲያርፍ ብዬ ነው ያመጣሁት” ይለኛል። እንዲህ ያለውን ደንበኛ በቁም ነገር እንድቀበል ያስተማረችኝ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ናት።

ካፌ ተቀምጣ ስትጽፍ የአላፊ እግር የቻርጀሩን ገመድ ጎተተውና ላፕቶፑ ከጠረጴዛ ወለል ወረደ። እያለከለከች መጣች። አበራሁት፤ ስክሪኑን አየሁ፣ ኪቦርዱን ነካካሁ፣ ሙዚቃ አጫወትኩ። ሁሉም ደህና ነበር። “ምንም አልሆነም እህቴ፤ እግዚአብሔር አትርፎልሻል” ብዬ ሸኘኋት። በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ላፕቶፑ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ዊንዶውስ አይነሣም። የመመረቂያ ጽሑፏ ከሰበሰበችው መረጃ ጋር እዚያው ውስጥ ነበር፤ ሌላ ቅጂ አልነበራትም። ስንት ቀን ታግዬ ያወጣሁላት የተቆራረጠ ፋይል ብቻ ነው። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። “ምንም አልሆነም ብለኸኝ ነበር እኮ” አለችኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ እውነቷን ነበርና።

የሆነውን ልንገራችሁ። 75 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን ጠረጴዛ የወደቀ ዕቃ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መሬት ይደርሳል፤ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት የተማሪዋ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ እየዞረ ነበር። መረጃውን የሚያነብበው ጫፍ በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ የሚንሳፈፈው በናኖ ሜትር በሚለካ ክፍተት ነው፤ የሰው ጸጉር ውፍረት ከዚያ ክፍተት በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ምቱ ጫፉን ከሰሌዳው ጋር ሲያጋጨው ሰሌዳው ይጫራል። ጭረቱ ትንሽ ከሆነ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይነሣል። ነገር ግን ከጭረቱ የወጣው ብናኝ ውስጥ ይቀራል፤ ጫፉም በተመላለሰ ቁጥር ቁስሉን ያሰፋዋል። አይቢኤም በ2003 በቲንክፓድ፣ አፕል በ2005 በፓወርቡክ ላይ መውደቅን የሚለይ ሴንሰር የጨመሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው፤ ላፕቶፑ ገና አየር ላይ ሳለ ጫፉ ከሰሌዳው ይሸሻል። ኤስኤስዲ ያላቸው ላፕቶፖች ተሽከርካሪ አካል ስለሌላቸው ከዚህኛው አደጋ ነፃ ናቸው። ባትሪ፣ ማጠፊያ፣ ኬብልና ብየዳ ግን እነሱም አላቸው።

አያቴ ወጌሻ ነበሩ። ወድቆ የመጣን ልጅ ከመንካታቸው በፊት “እንዴት ወደቅህ? በየት በኩል አረፍህ?” ብለው ይጠይቁታል። ከዚያ ደህናውን እጅ አስቀድመው ይዳብሳሉ፤ የታመመውን የሚያውቁት ከደህናው ጋር አስተያይተው ነው። እኔም ከዚያች ተማሪ በኋላ የያዝኩት የእሳቸውን መንገድ ነው።

መጀመሪያ እጠይቃለሁ። በርቶ ነው የወደቀው ወይስ ጠፍቶ? በየትኛው ጥግ አረፈ? ቻርጀር ተሰክቶበት ነበር? ተሰክቶ ከነበረና በዚያ በኩል ካረፈ የቻርጀሩ መግቢያ ከውስጥ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ይሞላል፣ ነገ ገመዱን ካልደገፉት እምቢ ይላል።

ከዚያ ሳላበራው ባትሪውን እመለከታለሁ። ላፕቶፑን ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጥግ ጥጉን በጣቴ ቀስ ብዬ እነካለሁ። የሚወዛወዝ ከሆነ፣ የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነፋ፣ ያልተለመደ ሽታ ካለው ወይም ሳይሠራ ከሞቀ እዚያው አቆማለሁ። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ሁለቱን ወገኖች የሚለያቸው ከጸጉር የቀጠነ ንጣፍ ነው፤ እሱ ከተጎዳ ባትሪው ውሎ አድሮም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ያበጠ ባትሪ አይጫኑትም፣ አይበሱትም፣ ቻርጅ አያደርጉትም።

ቀጥሎ ላፕቶፑን ጆሮዬ አጠገብ ቀስ ብዬ ዘንበል ቀና አደርገዋለሁ። ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ የተፈታ ብሎን ወይም የተሰበረ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ብሎኑ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳረፈ ቢበራ ሾርት ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ ካቻቪቴው ይቀድማል። ከዚያ የግራና የቀኙን ማጠፊያ አስተያያለሁ። ክዳኑ ሲከፈት አንደኛው ወገን ቀድሞ ከተነሣ ወይም ከተንቋቋ ማጠፊያውን የያዘው ፕላስቲክ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ባለቤቱ በየቀኑ በከፈተው ቁጥር ስንጥቁ እየሰፋ ሄዶ አንድ ቀን ስክሪኑን ይዞት ይሰበራል።

ይህ ሁሉ ደህና ሲሆን አበራዋለሁ። ሲነሣ የማደርገው የመጀመሪያ ሥራ ግን ምርመራ አይደለም፤ የባለቤቱን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ነው። ብዙ ሰው ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መመርመሪያ ለማስኬድ ይቸኩላል። የቆሰለን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ ግን እግሩ የተሰነጠቀን ሰው ዳገት እንደ ማስወጣት ነው። መጀመሪያ ቅጂ፣ ምርመራ ከዚያ በኋላ።

ፋይሉ ከዳነ በኋላ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን እከፍታለሁ፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያሳየዋል። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ተበላሽተው በሌላ የተተኩትንና ማንበብ አቅቶት የተጠራጠራቸውን ቦታዎች ቁጥር አያለሁ። ዜሮ ከሆኑ እሰየው። ዜሮ ካልሆኑ ቁጥሩን ጽፌ እይዛለሁ፤ በሳምንቱ ካደገ ዲስኩ ይቀየራል። ስክሪኑን ሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ሙሉ ጥቁር አድርጌ ክዳኑን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሳለሁ፤ በአንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ብልጭ ድርግም ካለ ችግሩ የስክሪኑ ኬብል ላይ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻም ሥራ አብዝቼበት ግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ። የተሰነጠቀ ብየዳ ሲበርድ ይገናኝና ሲሞቅ ሊለያይ ይችላል። ለአምስት ደቂቃ ብቻ የተፈተነ ላፕቶፕ አልተፈተነም የምለው ለዚህ ነው።

ከውጭ በሻንጣ የመጣ ወይም ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙም ይህንኑ ጠይቁ። ሻጩ አብርቶ ቢያሳያችሁ አይብቃችሁ፤ ጥጉን ዳብሱ፣ ማጠፊያውን አስተያዩ፣ የዲስኩን ምዝገባ አስከፍቱ፣ እስኪሞቅ ጠብቁ።

ላፕቶፕ ከወደቀባችሁ በርቶ ከሆነ በወጉ አጥፉት፤ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ “ይሠራ ይሆን?” ብላችሁ ደጋግማችሁ አታብሩት። በበራባት በዚያች የመጀመሪያ ጊዜ ፋይላችሁን ቅዱ። ዕቃው ይጠገናል፤ ባይጠገን ይገዛል። የጠፋ የሁለት ዓመት ድካም ግን የሚሸጥበት ሱቅ የለም። በእኔ ሱቅ ወድቆ የመጣ ላፕቶፕ የባለቤቱ ፋይል ሳይቀዳ “ምንም አልሆነም” ተብሎ አይሸኝም።