በጣት የሚነበብ ፊደል

«እጅህን ሰብስብ» በአገራችን ለሕፃን አዘውትሮ የሚነገር ተግሣጽ ነው። ለሚያይ ልጅ ጨዋነትን ያስተምረዋል፤ ለማያይ ልጅ ግን «ዓይንህን ጨፍን» ከማለት አይለይም፤ እርሱ ዓለምን የሚመለከተው በጣቱ ነውና። ውድ አንባቢ ሆይ፤ ዓይነ ስውር ሕፃን ንባብ የሚጀምረው ትምህርት ቤት በገባ ቀን ሳይሆን፣ ገና በእናቱ ማጀት እጁ ነፃ በተለቀቀ ጊዜ መሆኑን ዛሬ ላስረዳ እወዳለሁ።

በእኛ በወረታና በፎገራ አካባቢ ልጁ ዓይኑን የታመመበት ወላጅ ወደ ሐኪም ቤትም፣ ወደ ጸበልም፣ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃም ይዞት ይሄዳል። መልካም ነው፤ ሊድን ለሚችል ዓይን ሕክምና ሊዘገይበት አይገባም። የሚጎዳው ተስፋው ሳይሆን፣ ተስፋ እየተደረገ ትምህርቱ መቆየቱ ነው። «ዓይኑ ሲበራለት ይማራል» እየተባለ ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት ያልፋል። ልጁም እንዳይሰናከል፣ እሳት እንዳይነካው ተብሎ መደብ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ለትምህርት ሲደርስ የእኩዮቹ ዓይን ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ የእርሱ ጣት ግን ገና ሥራ ፈት ነው።

ዓይነ ስውር መማር እንደሚችል ለጎንደርና ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውራን ዜማውንና ቅኔውን በቃላቸው አጥንተው ለመምህርነት ሲበቁ ኖረዋል። ይሁን እንጂ በጆሮ ብቻ የተማረ ሰው ለማንበብ የሌላ ዓይን፣ ለመጻፍም የሌላ እጅ ሲጠብቅ ይኖራል። የቃሉን አጻጻፍና የሒሳቡን ረድፍ ጆሮ ብቻውን አይጨብጠውም። ይህን ጉድለት የሞላው ብሬል ነው።

ሉዊ ብሬል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1809 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ የሚሠራ ቆዳ ሠሪ ነበር። ልጁ በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋ፤ ቁስሉም ወደ ሌላው ተዛምቶ ሁለቱም ጠፉ። በአሥር ዓመቱ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ሻርል ባርቢዬ የተባለ ሰው ለጨለማ ንባብ ያወጣውን የአሥራ ሁለት ነጥብ ጽሕፈት ተማረና፣ በአንድ ጣት እንዲዳሰስ ወደ ስድስት ነጥብ አሳጠረው። ሥራውን በ1829 አሳተመ። የጎዳው መሣሪያ ወስፌ ነበር፤ የፈጠረው ፊደል የሚጻፍበትም ወስፌ መሳይ መውጊያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጥቦቹ በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፤ በቀኝ በኩል ደግሞ 4፣ 5፣ 6 ተብለው ይቆጠራሉ። ከእነዚህ 63 ልዩ ልዩ ቅርጾች ይገኛሉ። «ታዲያ ይህን ሁሉ የአማርኛ ፊደል እንዴት ያዳርሳል?» ይባል ይሆናል። መልሱ፣ መጀመሪያ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው ለየብቻ መጻፉ ነው። ለምሳሌ «ላም» ለማለት ል (1፣ 2፣ 3)፣ አ (1)፣ ም (1፣ 3፣ 4) ይደረደራሉ። ለዚህ ትምህርት መነሻ የሚሆነውን መሣሪያ እቤት መሥራት ይቻላል፤ በእንጨት ላይ እንደ ገበጣ ስድስት ጉድጓድ በሁለት ረድፍ ፈልፍሎ ሽምብራ ማቀበል ነው። የፎገራ ልጅ የሚያውቃትን ላም በሽምብራ ይጽፋታል።

ከዚህ በኋላ የመሣሪያው ምርጫ ይመጣል። ስሌት የሚባለው ገበታ ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ከጀርባው ስለሚወጋ ጽሕፈቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ለማንበብም ወረቀቱ ይገለበጣል። ይህ ለጀማሪ ሕፃን ያስቸግራል። አሜሪካን አገር ከ1951 ጀምሮ የሚሠራው የፐርኪንስ መኪና ስድስት ቁልፎች አሉት፤ ነጥቦቹም ወደ ላይ ስለሚወጡ ልጁ የጻፈውን ወዲያው ይዳስሰዋል። ዋጋው ግን ውድ ነው። ዛሬ ደግሞ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክ መጥቷል፤ አማርኛም የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ለተማሪ ታላቅ ረዳት ነው፤ ነገር ግን እርሱም ያው ጆሮ ነውና ብሬልን ሊተካ አይገባም። ለሚያይ ልጅ ሬዲዮ አለና ፊደል አይቁጠር የሚል አለን?

ትምህርት የት እንደሚያደርስ የትነበርሽ ንጉሤ ምስክር ናት። በወሎ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ብታጣም፣ ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። ለአካል ጉዳተኞች መብት ባደረገችው ተጋድሎም በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች።

እንግዲህ ዓይነ ስውር ልጅ ያለው ወላጅ ሆነህ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ወይም ጎረቤትህ እንዲህ ያለ ልጅ ካለው፣ መኪናው እስኪገኝ አትጠብቅ። ልጁ ሰፌድ ላይ ሩዙን ከገለባው ይለይ፤ ክዳን ይክፈት ይግጠም፤ ዶቃ በክር ይሰካ። ዕድሜው ለትምህርት ከመድረሱ አስቀድሞም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደህ አስመዝግበው፤ ብሬል የሚያውቅ መምህር የት እንዳለም ጠይቅ። ያን ጊዜ መምህሩ የሚረከበው መዳሰስ የለመደ፣ ለፊደል የተዘጋጀ ጣት ይሆናል።